ለትል የነፈግነው ስም

ባለፈው ሰኔ አንድ እሑድ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አስቀድሼ ወደ ቤቴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ቀልደኛ ልጅ ነበር። ግማሽ አካሉ ከበሩ ውጪ ነው። ነፋሱ ሸሚዙን እየነፋው፣ በአንድ እጁ የበሩን ጠርዝ ጨብጦ፣ "ሰሚት! ሰሚት! አንድ ሰው!" ይላል። የት እንደምወርድ ሲጠይቀኝ አፌ ቀደመኝና፣

"ጨፌ ቦሩ ስንደርስ አውርደኝ፣ ልጄ" አልኩት።

"ጨፌ ምን?"

"ጨፌ ቦሩ።"

"ፋዘር፣ እሱማ ክፍለ ሀገር መሆን አለበት! ላምበረት ሄደው አገር አቋራጭ ይያዙ። እኛ ሰሚት ነን!"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አዘነችልኝ መሰል፣ "አባባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት? ሳይቱን ይንገሩት" አለችኝ። ሳይቱን ነገርኩት፤ አወረደኝ።

ልጁን አልተቀየምኩትም። ምን ያጠፋል? ጨፌ ቦሩ የሚል ጽሑፍ ታፔላ ላይ የለ፣ መታወቂያ ላይ የለ፣ የታክሲ ተራ ላይ የለ። ተወልጄ ያደግሁበት መንደር ዛሬ የምኖርበት ሕንፃ ሥር ነው ያለው። መሬቱ አለ፤ ስሙ ግን እኔንና እኔን መሰል ጥቂት ሽማግሌዎችን ይዞ ቀርቷል። ደረጃውን ቀስ እያልኩ ስወጣ ታዲያ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ስም አንድ ጊዜ የዓለም መጽሐፍ ላይ ሊጻፍ ደርሶ ነበር። የከለከልነው እኛው ነን። ሊሸከመው የነበረው ደግሞ ትል ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ መጥቶ፣ ሰፊው አስፋልት ተነጥፎ፣ ግራና ቀኙ ላይ ቪላ እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት ጊዜ። አሁን ሰው "ከተማው እንዴት አደገ!" ሲል እሰማለሁ። እኔ ሲያድግ ሳየው ይህ ሁለተኛዬ ነው። ያን ጊዜ የኛ አገር ጎረምሳ ሁሉ ቦሌ እየሄደ ድንጋይ ይሸከማል፣ ሲሚንቶ ያቦካል። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ጤፉን ሰንጥቀን፣ መረሬውን ጭቃ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሻገራለን። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ በቦይ ውኃ እግራችንን ታጥበን ጫማ እናጠልቃለን። ከዚያ በኋላ የከተማ ሰው ነን። ኪሳችን ውስጥ የተቆላ ሽምብራ ስላለ ግን ስንራመድ እንንሿሿለን፤ ከየት እንደመጣን ማንም አይስተውም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የመንደራችን ቄስ ዘንድ ነው። ከዚያ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ አቆምኩ። እንግዲህ ሳይንስ ከሚባለው ነገር ጋር ምን አገናኘህ ብትሉኝ፣ ዝናብ ነው ያገናኘኝ።

የምንሠራበት ቪላ የአንድ ጡረታ የወጡ ሹም ነበር። ዋናው ቤት ገና ጣራ ሳይገባለት ሰርቪሱ አልቆ፣ እሌኒ የምትባለው ልጃቸው አንዱን ክፍል ይዛ ትሠራበታለች። ውጭ አገር ተምራ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። ምን እንደምትሠራ አናውቅም። ግንበኞቹ "መድኃኒት ትቀምማለች" ይላሉ።

አንድ የክረምት ቀን ዝናቡ ድንገት ጣለና ሁላችንም ሰርቪሱ ጣራ ሥር ተጠለልን። ፎርማኑ እንደ ልማዱ ለከፈኝ።

"አንተ የጨፌ ሰው፣ ዛሬ በእግርህ ነው ወይስ ዋኝተህ ነው የመጣኸው?"

"ዋኝቼ ቢሆንማ ዓሣ ይዤልህ እመጣ ነበር" አልኩት። "አምባዛ በዚህ ጊዜ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። የሚበላው ሰው ነው የጠፋ።"

እውነቴን ነው። ክረምት ሲገባ ወንዛችን ሞልቶ ጨፌው ላይ ይተኛል። አምባዛው ከታች ከቆላው ሽቅብ ይወጣና ሣሩ ውስጥ ይርመሰመሳል። ጺማም ነው፤ ቆዳው ልሙጥ ነው። ውኃ ቢጎድልበት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ደግሞ በሃይማኖታችን አይበላም። ስለዚህ እኛና እሱ ሳንነካካ ነው የኖርነው።

የክፍሉ በር ተከፈተና እሌኒ ብቅ አለች።

"ማነው አሁን ስለ አምባዛ ያወራው?"

ፎርማኑ በጣቱ አሳያት፤ እኔ ድንጋይ የሰረቅሁ ያህል ደነገጥኩ።

"ሕያው እንዳለ ልታመጣልኝ ትችላለህ?"

"እችላለሁ፣ እትዬ። ሊበሉት ነው?"

"እሱን የሚበሉትን ላይበት ነው" አለችኝ።

በማግሥቱ አንዱን በባልዲ፣ በእርጥብ ሣር ሸፍኜ አመጣሁላት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እያማተበ አለፈ። እሷ ግን ሙሽራ እንደመጣላት ነው የተቀበለችው። ዓሣው ጉንጩን ሲከፍት፣ ውስጡ እንደ ቀይ ማበጠሪያ የተደረደረ ነገር አለ፤ የሚተነፍስበት ነው፤ ስንጥብ ይሉታል። እሱን ቆርጣ በውኃ ሳህን ላይ አደረገችና በቀጭን መርፌ ትለቅመው ጀመር። እኔ የምትለቅመው ነገር አይታየኝም። በኋላ አንዱን ብርጭቆ ላይ አድርጋ፣ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ፣ "ና እይ" አለችኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። "አንድ ዓይንህን ዝቅ አድርገህ፣ ዝም ብለህ ቆይ" አለችኝ። ዝም ብዬ ቆየሁ። ያን ጊዜ ከብርሃኑ መሃል አንድ ነገር ተዘረጋ። እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ እንደ መስታወት የጠራ ትል። ፊቱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ይፈልጋል። ከኋላው ግን ንቅንቅ አይልም።

"መንጠቆ አለው!" ብዬ ጮኽኩ። ግንበኞቹ ውጪ ሲስቁ ተሰማኝ።

"አዎ። ትልልቆቹን አየሃቸው? ዙሪያውን ደግሞ ትንንሾች አሉ። ዓሣው በተነፈሰ ቁጥር ውኃ እንደ ጎርፍ ያልፍበታል። እሱ እንዳይወሰድ ነው።"

"ጎርፉ ከበረታበትስ ወደ ሌላ ዓሣ አይሄድም?"

"ሌላ ዓሣ ላይ አይኖርም። የአምባዛው ከአምባዛ ጋር፣ የቆሮሶ ዓሣው ከቆሮሶ ጋር ነው። እያንዳንዱ የራሱ አገር አለው።"

ያን ክረምት ሥራ በዝናብ በተቋረጠ ቁጥር አምባዛ አመላልሼላታለሁ። እሷ ትሉን በቀለም እየነከረች መንጠቆውን ትስላለች። ማይክሮስኮፑ ላይ አንዲት ትንሽ መስታወት ገጥማ ምስሉን ወረቀት ላይ ታወርደውና በእርሳስ ትከተለዋለች። አንድ ትል ከሌላው የሚለየው በመንጠቆው አሠራር ነው አለችኝ፤ የበሬ ባለቤት በሬውን በቀንዱ እንደሚያውቅ። የሳለችውን ከውጭ ካስመጣቻቸው መጻሕፍት ጋር እያስተያየች ቀኑን ሙሉ ትውላለች። አንዳንድ ቀን ምሳዋን ትረሳለች፤ ያን ጊዜ ሽምብራዬን እንካፈላለን።

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ ግቢው ውስጥ አሸዋ ስነፋ ሮጣ መጣች።

"ለሜሳ! አዲስ ነው!"

"ማን?"

"ትሉ ነዋ!"

"አዲስ እንኳ አይመስለኝም፣ እትዬ። አምባዛው ከአያቶቼ ጀምሮ እዚያው ነው።"

ሳቀች። "ለዓለም አዲስ ነው። ስም ያልወጣለት ማለቴ ነው። አሁን ስም አወጣለታለሁ። በላቲን ተጽፎ፣ በየአገሩ ያለ ሰው በዚያው ስም ሲጠራው ይኖራል። ስሙን ከአገሩ ነው የምወስደው። ቦሩ እለዋለሁ፤ የተገኘበት ቦታ ጨፌ ቦሩ ተብሎ ይጻፋል።"

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ጭቃው ሳይታወቀኝ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ለአንድ ሰው አይነገርም ብዬ እስከ እሑድ አፌን ይዤ ቆየሁ። እሑድ ሰንበቴ አለ። ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ዳቦ ቆርሶ፣ ጠላ ይዞ የሚቀመጥበት ነው። እዚያ ቆሜ፣ በኦሮምኛ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

አባቴ ቱፋ፣ የያዘውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠ። አንደበተ ርቱዕ የሚባለው ኦቦ ድሪብሳ ነው ቀድሞ የተናገረው።

"እስቲ ድገመው። ቦሩን ነው ያልከው? ይህን አገር ያቀናውን ቦሩን?"

"አዎ፣ ኦቦ።"

"ስሙን ለትል?"

"ለትል፣ ግን…"

"ለዚያውም የአምባዛ ትል!" አለ ድሪብሳ ወደ ሰዉ ዞሮ። "እንግዲህ ጠብቁ። ነገ ደግሞ ቁንጫዋን በእናቴ ስም ትጠራልኛለች።"

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። አንዷ ባልቴት፣ "ማዶ ያሉት ሲሰሙ ምን ሊሉን ነው? 'የትሎቹ አገር ሰዎች መጡ' ነው የሚሉን። ማን ልጁን ይድርልናል?" አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራው ተናገረ። እሌኒ ስትናገረው ክብር የነበረው ነገር ሰንበቴው ላይ ሲደርስ ስድብ ሆኖ ነበር። አንድ ቃል አልተለወጠም። ሰሚው ብቻ ነው የተለወጠው።

ሽማግሌ እንዲላክ ተወሰነ። ሽማግሌ ደግሞ ጎዶሎ አይሄድም፤ ሦስት መሆን አለበት። አባቴና ድሪብሳ ተመረጡ። ሦስተኛ ሊሆን የሚገባው ሽማግሌ እግሩን አሞት ነበርና ድሪብሳ ወደኔ አየና፣ "ይሄው፣ ወሬውን ያመጣው እሱ ነው፣ አማርኛውንም እሱ ያውቃል። ተርጓሚም ሽማግሌም ይሁን" አለ። ጢም ሳላበቅል ሽማግሌ ሆንኩ።

ጤፉ መቅላት በጀመረበት ጊዜ ነው የሄድነው። ሁለቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ፊት ፊት፣ እኔ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዤ ከኋላ። ከላያችን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ድሪብሳ ባርኔጣውን ይይዛል። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አባቴ እንደኛ ጎንበስ ብሎ እግሩን አልታጠበም። ጭቃውን እንደያዘ ወጣበት። "ልለምን ነው የምሄደው። የመጣሁበት ይታይ" አለ።

እሌኒ በሩን ስትከፍት ቅቤውንም ሽማግሌዎቹንም አየችና ሌላ ነገር መሰላት፤ ፊቷ ቀላ።

"ለሜሳ፣ በደህና ነው? ግቡ፣ አባቶቼ። ተቀመጡ።"

"እስክትሰሚን አንቀመጥም" አለ ድሪብሳ። ተረጎምኩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የመጣነው ለልመና ነው። የቦሩን ስም ከትሉ ላይ እንድታነሺልን።"

እሷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። እኔ ቅቤውን አየሁ።

"አባቶቼ፣ እኔ ላዋርድ ብዬ አይደለም። ክብር ነው። በስማቸው ትል፣ ጥንዚዛ፣ ሣር የተሰየመላቸው ስንት ታላላቅ ሰዎች አሉ መሰላችሁ! ኑ፣ መጀመሪያ እዩት።"

ድሪብሳ ባርኔጣውን አውልቆ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ሽፋሽፍቱን እያየ ይሆናል ብዬ፣ "ዝም ብለው ይቆዩ፣ ኦቦ" አልኩት። ከዚያ ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁ።

"ይሄ ነገር ምን ያህላል?"

"ከጤፍ አይበልጥም" አለች።

ቀና አለና አባቴን አየው። "ከጤፍ የማይበልጥ ነገር፣ ቦሩን ያህል ሰው ይሸከም? ይሰበራል እኮ!"

እሌኒ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ድሪብሳም ሳቀ። አባቴ ብቻ ነው ያልሳቀው። አባቴ አማርኛ ይሰማል፤ መናገሩ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ለኔ ቀስ እያለ በኦሮምኛ ይነግረኛል፤ እኔ ለሷ እነግራታለሁ።

"የምናርሰው መሬት የባለርስቱ ነው በላት። ከምርቱ ሲሶውን ይወስዳል። ባሰኘው ቀን ተነሡ ቢለን እንነሣለን። ያ ስም ግን ማንም ሲሶ ያልጠየቀን ነገር ነው። ሌላ የኛ የሚባል የለንም። ሩቅ አገር ያለ፣ እኛን የማያውቅ ሰው በትል ላይ እያደረገ ሲጠራው ቢኖር፣ ምን ብለን እንከለክለዋለን? ስም እንደ ልጅ ነው፤ ለማያውቁት አይሰጥም።"

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ከአባቴ አፍ እንዲህ ረጅም ንግግር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሌኒ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል፣

"እሺ፤ የትሉን ስም እቀይራለሁ። የቦታውን ስም ግን መጻፍ አለብኝ። የተገኘበት ካልታወቀ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። ሌላ ተማሪ ሄዶ ሊያገኘው አይችልም" አለች።

"ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በይ" አለ ድሪብሳ። "ውሸት አይደለም።"

"ምሥራቅ ሰፊ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያውስ ትሉን ለሚፈልገው ሰው ጥሩ የእግር ጉዞ ነው።"

መሽቶባቸው ቢያድሩ እንኳ እንደማይቀመጡ ገባት። እንዲህ ቆሞ የለመነን ሽማግሌ ማሳፈር ለሷም ያደገችበት ነገር አልነበረም። "ይሁን" አለች በመጨረሻ። ያን ጊዜ ተቀመጡ። ሻይ መጣ፤ ቅቤው ተሰጠ። ድሪብሳ ሻዩን እየማሰለ፣ "ለምን በራስሽ ስም አትጠሪውም?" ብሎ ጠየቃት።

"በራስ ስም መሰየም በኛ ሙያ ነውር ነው" አለችው።

"አየሽ!" አለ ድሪብሳ በድል። "ታዲያ በኛም ነውር ነው እኮ።"

መንጠቆው እንደ ማጭድ የታጠፈ ነበርና፣ በላቲን ማጭዳማ የሚል ስም አወጣችለት። ከዚያ በኋላም አምባዛ አምጥቼላታለሁ። ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም። ቪላው አለቀ፣ እኔም ወደ ሌላ ግንባታ ሄድኩ። ዘመኑም ተገለባበጠ፤ ቪላው ተወረሰ፣ እሷ ወዴት እንደሄደች አልሰማሁም። እኛ ጋ ባለርስቱ ቀረና መሬቱ የኛ ተባለ። አባቴ ያን አይቶ ነው የሞተው። ካሳ ተሰጥቶን መንደሩ ሲነሣ፣ ጨፌው በአፈርና በድንጋይ ሲደለደል፣ ወንዙ በቱቦ ሲቀበር ግን አላየም። ስሙን እንደ ዓይን ብሌን የጠበቅነው ሰዎች መሬቱን ስንሰጥ ስለ ስሙ የጠየቀን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ስም ከኋላችን ተከትሎን የሚመጣ ይመስለን ነበር።

ከሚኒባሱ የወረድኩ ዕለት ማታ ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ለቤዛ አጫወትኳት። እሷ እንደነገሩ ሰምታ የምትተው ልጅ አይደለችም። የሴትዮዋን ስም ጠየቀችኝና ስልኳ ላይ ስትጎረጉር ቆይታ፣ "አባባ፣ ይሄ ነው?" ብላ ዘረጋችልኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ያ መንጠቆ! በእርሳሷ ስትከተለው አጠገቧ ቆሜ ያየሁት፣ ጫፉ ትንሽ የቆለመመ ማጭድ። አንድ የጠፋ ዘመድ ፎቶ ላይ እንዳገኘሁ ሆንኩ።

"የተገኘበት ቦታ የሚል አለው" አለች ቤዛ፤ አማርኛ እያደረገች አነበበችልኝ። "ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ካለ ረግረግ። ስሙ በነዋሪዎቹ ልመና አልተጻፈም።"

ቃሏን ጠብቃለች። ልመናችንንም ጽፋዋለች።

"ያሳዝናል፣ አባባ" አለች ቤዛ። "ቢጻፍ ኖሮ አሁን እናገኘው ነበር።"

"ልክ ነሽ፣ እናገኘው ነበር" አልኳት። አባቴም ግን ልክ ነበር። በእጁ ሌላ ነገር ያልነበረው ሰው ያቺን አንዷን ስም ቢሰስት አይፈረድበትም። ሁለቱም ልክ ሆነው አንድ ነገር ሊጠፋ እንደሚችል ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ማጭዷን ሳይ ነው የገባኝ። ድሪብሳ "ይሰበራል" ብሎ ስቆ ነበር። ይኸው፣ ከጤፍ የማይበልጠው ትል የተሰጠውን ስም ተሸክሞ እስከ ዛሬ አለ። የተሰበርነው እኛ የቦሩን ስም ተሸካሚዎቹ ነን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልማድ አድርጌአለሁ። ሚኒባስ በተሳፈርኩ ቁጥር፣ ሰሚትም ሳይቱንም ሳልጠራ፣ "ጨፌ ቦሩ ወራጅ" እላለሁ። አንዳንዱ ረዳት ይቆጣል፣ አንዳንዱ ያረጀሁ መስሎት በትዕግሥት ያወርደኛል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ እየጣለ ቦሌ ቆሜ ሳለሁ ያ የፊተኛው ቀልደኛ ልጅ መጣ። ከሩቅ አየኝ። እንደ ልማዱ ከበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መኪናው ይበራል፣ ነፋስና ዝናብ ፊቱን ይገርፈዋል፣ እሱ እንደ መንጠቆ በታጠፉ ጣቶቹ ብቻ ጠርዙን ቆንጥጦ ይዟል።

"ሰሚት! ሰሚት!" አለና ወደኔ እያየ፣ ሳቅ እያለ ጨመረበት፤ "ጨፌ ቦሩ! ፋዘር፣ ጨፌ ቦሩ አንድ ሰው!"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ገብቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እስክንደርስ ድረስ ዓይኔ ከጣቶቹ ላይ አልተነሣም።